«እንኪ» ያልኳቸው ሴት

መተማ ዮሐንስ በመንገዱ ግራና ቀኝ «አልጋ አለ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ሹፌር ያድርበታል፣ ረዳት ያድርበታል፣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የወረደ የቀን ሠራተኛ እጁ ላይ ገንዘብ ሲገባ ያድርበታል። ዘመድ ያለው ሰው ግን አያድርበትም። እኔ ከኮኪት ወርጄ፣ መሽቶብኝ አልጋ ቤት ገባ ቢባል፣ እዚያ ያሉት ዘመዶቼ ቀና ብለው ገበያ አይወጡም። «ሰው የለው ይመስል» ይባላል። ከኔ ይልቅ የሚዋረዱት እነሱ ናቸው። ይኸን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቴን ላቀል ብዬ አይደለም። ይኸን የማያውቅ ሰው ቀጥሎ የሆነው ነገር አይገባውም።

ልጄ የምትኖረው እንግሊዝ አገር ነው። ያገባችውም የዚያኑ አገር ሰው ነው። ሽማግሌ አልተላከብኝም፣ ጥሎሽ አላየሁም። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ፈርመው ሲያበቁ በስልክ ነገሩኝ። አኮረፍኩ። እኔ ደግሞ ሳኮርፍ አከርማለሁ። በኋላ ቲኬት ቆርጣ፣ «አባባ፣ ይምጡና ይዩን። የእሱም እናት ሊተዋወቁዎት ይፈልጋሉ» አለችኝ። እንቢ አልኩ። «እናቱ ባላቸውን ቀብረው ብቻቸውን ያሉ ሰው ናቸው» አለችኝ። አሁንም እንቢ አልኩ። ያስነሳኝ ጋቢው ነው።

ጋቢውን የፈተለችው ሚስቴ ናት። ከገለጉ በኩል ያመጣሁላትን ጥጥ ፈትላ ፈትላ ለሁለት ጋቢ አደረሰችው። አንዱን እኔን አለበሰችኝ። ሁለተኛውን ከሸማኔ እንደመጣ አጥፋ ሣጥን ውስጥ አስገባችና፣ «ይኸ ከኔ በኋላ ልጄን ‹ልጄ› ለምትላት ሴት ነው። የባሏ እናት ትለብሰዋለች» አለች። ልጃችን ያኔ ተማሪ ናት፣ ባልም የላት። መታመሟን ያወቀችው ራሷ ሚስቴ ብቻ ነበረች መሰለኝ። እሷ ስትሞት ጋቢው ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ልጄ «አባባ፣ እርስዎ ካልመጡ የእማዬን ጋቢ ማን ያድርስልኝ?» ስትለኝ፣ በሌላ ሰው እጅ መላኩ አልሆንልህ አለኝ። ተነሣሁ።

ግንቦት ነው። ኮኪት ላይ መሬቱ የሚፋጅበት፣ ከብቱ ጥላ ሥር ቆሞ የሚያለከልክበት ወር ነው። እንግሊዝ አገር ስደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ያለቅሳል። የራሴን ጋቢ ከትከሻዬ አላወርድ አልኩ። ልጄ ቤት፣ ከተማው ውስጥ ጥቂት ከሰነበትኩ በኋላ፣ «ነገ ወደ ገጠር እንወጣለን» አለችኝ። «የድሮ ማረፊያ ቤት ነው አባባ። የጎንደር ግንብ ሳይሠራ የነበረ ቤት ነው። እናቱ እዚያ ይጠብቁናል።»

አልጋ ቤት አላለችም። ሆቴልም አላለችም። አባቷን ስለምታውቅ ፈርታ ነው። በኔ ጆሮ የገባው «እናቱ እዚያ ይጠብቁናል» የሚለው ነው። እንግዲያ ማረፊያ ያለችው የእናቱን ቤት ነው ብዬ ያዝኩ። የሙሽራ አባት ሌላ የት ያርፋል?

መንገዱ ጠባብ ነው፣ በግራም በቀኝም አጥር ሆኖ የበቀለ ቁጥቋጦ ያፈነዋል። ቤቱን ሳየው ደነገጥኩ። እኛ ጭቃ መርገን የምንሸፍነውን ማገር እነሱ ጥቁር ቀብተው ለመንገደኛ ያሳያሉ። ግድግዳው ዘሟል። ጣሪያው ጭነት እንደበዛበት በቅሎ ወገቡ ጎብጧል። እኛ አገር ምስጥ ቤት ስለማያስረጅ፣ ቋሚው ሳይወድቅ አፍርሰን እንሠራለን። ያረጀ ቤት ያለው ሰው ሰነፍ ነው። «ልጁ ወንድ ልጅ ሆኖ የእናቱን ቤት እንዲህ ያስዘምማል?» ብዬ አማቼን በልቤ ታዘብኩት።

አማቼ መኪናውን ከቤቱ ጀርባ ሊያቆም ዞረ። ልጄም አብራው ሄደች። እኔ ዝናቡ ስለመታኝ ጋቢውን በፌስታል እንደያዝኩ ቀድሜ ገባሁ። በሩ አጭር ነው፣ ግንባሬን መታኝ። ግንባሬን እያሻሸሁ ሳይ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ወፈር ያለች፣ ፊቷ የቀላ፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ ያንጠለጠለች ናት። ሳቅ ብላ መጥታ ቦርሳዬን ከእጄ ተቀበለችኝ። ሌላዋ ቀጭን፣ ጸጉሯ የሸበተ፣ የወንድ ሹራብ የለበሰች፣ እሳቱ ፊት ተንበርክካ እንጨት ትጨምራለች። እጇ ከሰል ነክቶታል።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ቁልፍ የያዘችው ናት የቤቱ እመቤት ወይስ እሳት የምታነድደው?

ጋቢውን ከፌስታሉ አወጣሁና ቁልፍ የያዘችው ሴት ትከሻ ላይ ጣልኩ። ጉንጯን ሳምኩ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ መረቅኩ። «እንኳን ለዚህ አበቃን። ሚስቴ በእጇ የፈተለችው ነው፣ ለእርስዎ ብላ ነው ያስቀመጠችው። ልጄን ልጄ ይበሉልኝ። ቤትዎ ይሙቅ፣ እንግዳ አይታጣበት» አልኩ። ሴትዮዋ ቃሉ አይግባት እንጂ ነገሩ ነካት። ጋቢውን በእጇ ዳበሰችው፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ገባት ብዬ ደስ አለኝ። የሚስቴን አደራ አደረስኩ አልኩ።

ከዚያ እግሬን አየሁ። ጫማዬ ጭቃ ነው፣ ወለሉ ንጹሕ ነው። አወለቅሁና እሳት ወደምታነድደው ሴት ዘረጋሁት።

«እንኪ» አልኳት። «እሳቱ አጠገብ አድርጊልኝ። ጭቃውንም አራግፊው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ጫማውን አየችው። እጇን በሹራቧ ጠረገችና በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። «እንኪ» አለች እሷም፣ ድምፄን ተከትላ፣ አዲስ ምግብ እንደሚቀምስ ሰው።

ዞር ስል አማቼ በሩ ላይ ቆሟል። ጆሮው ቲማቲም መስሏል። ያ ልጅ አማርኛ የተማረው ከልጄ ጋር ሲኖር ነው፣ የሚያውቀውም ለእሷ የሚላትን ብቻ ነው። «እንኪ ሻይ፣ እንኪ ቁልፍ፣ ነይ እንብላ» ይላል። ስለዚህ «እንኪ»ን ያውቃታል። ለማን እንደምትባልም፣ ለማን እንደማትባልም ልጄ ነግራው ነበር።

ልጄ ከኋላው ገፍታው ገባችና እሳቱ አጠገብ ወዳለችው ሴት ሮጠች። አቀፈቻት። «አባባ! ተዋወቃችሁ እንዴ? የእሱ እናት እኮ ናቸው!» አለች እየሳቀች። ከዚያ በእጃቸው ያለውን ጫማዬን አየች። ከዚያ ጋቢውን አየች፣ በሌላዋ ትከሻ ላይ። ሳቋ ቆመ።

«እኚህኛዋስ?» አልኩ።

«ባለቤቷ ናት።»

«የምኑ ባለቤት?»

«የሆቴሉ። አባባ፣ ይስሙኝ...»

«አልጋ ቤት ነው?»

«አልጋ ቤት አይደለም። ታሪካዊ ቤት ነው፣ ሰው ከሩቅ እየመጣ...»

«አልጋ ይከራያል?»

«ይከራያል፣ ግን...»

«አልጋ ቤት ነው» አልኩና በካልሲዬ ወጣሁ።

ማፈር የነበረብኝ ያኔ ነው። እኔ ተቆጣሁ። ማፈር ሲከብደኝ መቆጣት ይቀለኛል፣ የቆየ ጠባዬ ነው። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ተቀመጥኩ። ልጄን ድሬ በሹፌርና በረዳት ማደሪያ አሳደሩኝ እያልኩ ለራሴ እነግረዋለሁ። አልዳርኳትም እኮ፣ እሷ ናት ራሷን የዳረችው። ቢሆንም እንዲያ አልኩ።

አማቼ ጃንጥላ ይዞ መጣ። «አባባ፣ ነይ! ዝናብ ነው። ነይ ግቢ!»

«እኔ ሴት ነኝ?» አልኩት።

«አዎ» አለኝ ራሱን እየነቀነቀ። «ነይ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቃለሁ። ያኔ ግን «እናቴን እንኪ ያልክ ሰው ነይ ብትባል ምን ይገርምሃል» ያለኝ መሰለኝ። ልጁ እንዲያ አላሰበም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ጃንጥላውን ለልጄ ሰጥቷት ገባ። አጠገቤ ተቀመጠች። «የእሳቸው ቤት አንድ ክፍል ናት አባባ» አለችኝ። «ከሱቅ ፎቅ ላይ ናት። እርስዎን የሚያስተኙበት የላቸውም። ይኸ ቤት ደግሞ የእሳቸው ሠርግ የተበላበት ነው። ከባላቸው ጋር የተሞሸሩት እዚህ ነው። ለእርስዎ ከዚህ የከበረ ቦታ የላቸውም። እኔ ልክፈል ብላቸው እንቢ አሉ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይመጡ ነበር?»

አልመጣም ነበር።

«አሁን ጋቢውን ልጠይቃት» አለች።

«ማንን?»

«ባለሆቴሏን። ተሳስቶ ነው ልበላት። ሰው አይደለችም? ይገባታል።»

«መርቄ የሰጠሁትን ከሰው ትከሻ ላይ ልግፈፍ?»

«እማዬ የፈተለችው ነው። ለማን እንዳለች እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ይኸን ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት።»

«የሰጠሁትን አልነሣም። አበቃ» አልኳት። ጃንጥላው ከእጇ ላላ። ዝናቡ እንባዋን አልሸፈነልኝም፣ አየሁት። አይቼም ቃሌን አልመለስኩም።

ብርዱ ነው ያስገባኝ እንጂ ልቤ አልገባም። ያስተኙኝ ላይኛው ቤት ነው። ጣሪያው ራሴ ላይ ደርሷል፣ መሐሉን አንድ ወፍራም አግዳሚ ይዞታል። አግዳሚው ላይ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አየሁ። «ይኸ ምስጥ የጨረሰው ነው፣ ዛሬ ይወድቅብኛል» ብዬ ልጄን ጠራኋት። «ነቀዙ ድሮ ሞቷል አባባ፣ እንጨቱ ነው ያለው» አለችኝ። አላመንኳትም። በዱላዬ መታሁት። ድንጋይ ሆኗል፣ ዱላዬን መልሶ እጄን አነዘረኝ። የነቀዘ እንጨት እንዲያ ጠንክሮ አይቼ አላውቅም። ያም አናደደኝ፣ የማውቀው ነገር ሁሉ እዚያ አገር አልሠራልኝ አለ።

በማግስቱ ለቁርስ ስወርድ የአማቼ እናት እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ጫማዬ በእጃቸው አለ። ጭቃው ተፍቆ፣ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት፣ ደርቆ። ብድግ አሉና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ትከሻቸውን ዝቅ አደረጉ። ለእንግዳ የሚባል የክብር ቃል መስሏቸው፣ ሌሊቱን ሲለማመዱት ያደሩ ይመስል ጥርት አድርገው፣

«እንኪ» አሉኝ።

ልጄ አፏን ያዘች። አማቼ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ጫማውን ተቀብዬ ጎንበስ አልኩና ማሰሪያውን ሳስር ቆየሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጥን ባለሆቴሏ መጣች። ጋቢውን አጥፋ በሰርቪስ ትሪ ላይ አድርጋ ይዛዋለች። ፊቴ አስቀመጠችውና ወደ እናትየዋ በእጇ አሳየችኝ። የእሳቸው ነው ማለቷ ነው። የአማቼ እናት እጆች ከጠረጴዛው ብድግ አሉ፣ ልቀበል ላልቀበል ብለው መሐል ላይ ቆሙ። የሚስቴ አደራ ልክ ቦታው ሊደርስ የቀረው የእኔ ዝም ማለት ብቻ ነበር።

እኔ ግን ልጄ ከጀርባዬ ለምናት ያመጣችው መሰለኝ። ሰርቪሱን በእጄ መልሼ ገፋሁት። «የሰጠሁትን አልነሣም ብያለሁ!»

ድምፄ ቤቱን ሞላው። የእናትየዋ እጆች ተመልሰው ከጠረጴዛው ሥር ገቡ። ልጄ ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ «እኔ አልጠየቅኳትም አባባ» አለችኝ። «ትናንት ሁሉንም ቆማ ስታይ ነበር እኮ። ራሷ ናት ያመጣችው።»

ያኔ እንኳ ቃሌን መመለስ እችል ነበር። «ተሳሳትኩ» ማለት አንድ ቃል ነው። አላልኩትም። ባለሆቴሏ ፊቷ ቀልቶ ሰርቪሱን አነሣችና ወጣች። ከዚያ በኋላ የበላሁትን አላውቀውም። የጫማው ነገር ሳላውቅ ያደረግኩት ነው፣ ሰው ይስቅበታል፣ እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ይኸኛው ግን እያየሁ ያደረግኩት ነው። ሰሊጥ ሳርም፣ ትራክተር ተራ ስጠብቅ፣ እነዚያ ሁለት እጆች ከጠረጴዛው ሥር ሲገቡ ይመጡብኛል።

ስንለያይ ግቢው ውስጥ ቆመናል። ያካፋል። እናትየዋ በዚያው ሹራባቸው ናቸው። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤያለሁ። ሚስቴ ያለበሰችኝ ነው፣ ያው እጅ፣ ያው ጥጥ። ነገር ግን ለብሼው ኖሬያለሁ። በአንድ ጎኑ ፍም ወድቆበት ተቀድዷል። በሌላ ጎኑ የትራክተር ናፍጣ ነክቶት ስንት ጊዜ ታጥቦ አልለቀቀም። እኛ አገር ለአማት የተለበሰ ልብስ አይሰጥም፣ ነውር ነው። የተለበሰ የሚሰጠው ለለማኝ ነው። ይኸን ሳስብ ልጄ የመኪናውን በር ከፈተችልኝ። አንድ እግሬን አስገባሁ። መልሼ አወጣሁት።

ጋቢውን ከላዬ አወረድኩና ዘረጋሁላቸው።

«እንኩ» አልኳቸው።

ኩ እና ኪ ፊደል ገበታው ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስቆጥር በአንድ ቀን ነው የለየኋቸው።

ሳልመርቅ ትከሻቸው ላይ ጣልኩላቸው። ምርቃቱን ትናንት ሌላ ቦታ ጨርሼዋለሁ። «ይኸም የእሷው እጅ ነው በያቸው» አልኳት ልጄን። ነገረቻቸው። እናትየዋ ጋቢውን ሰብሰብ ሲያደርጉ ጣታቸው ቀዳዳውን አገኘው። በቀዳዳው ውስጥ ጣታቸውን አወጡና አዩት። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሸሚዜ አንገቱ ላይ የተተረተረ ነው፣ ጋቢው ነበር የሚሸፍንልኝ። ልጄ የራሷን ሻርፕ አውልቃ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። እስከ ከተማ ድረስ አበባ ያለበት የሴት ሻርፕ አድርጌ ሄድኩ።

አሁን ኮኪት ነኝ። የኔ ስልክ ፎቶ ስለማያሳይ፣ ልጄ ስትልክ የምትልከው ለወዳጄ ለሐጂ ነው። ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አንድ ቀን ከሱቁ በር ተጣራ። «አንተ ሽማግሌ! ና፣ አማትህ መጥታለች!»

ሄድኩ። በፎቶው እናትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢውን ለብሰዋል። ሐጂ መነጽሩን ወደ ላይ አድርጎ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ይኸ ያንተው አይደለም እንዴ? ናፍጣ የነካው?»

«ነው።»

«አንተ ሰው! አገር አቋርጠህ ሄደህ አማትህን እራፊ አለበስካት?»

«ዝም በል ሐጂ።»

«ባዶ እጅህን ብትሄድ ይሻልህ ነበር! ይኸ ምንድን ነው፣ ሰማያዊው? ጠቅመውታል እኮ! አንተ ያልጠቀምከውን አማትህ ጠቀሙልህ!»

አዎ፣ ፍም የበላውን ቀዳዳ በሰማያዊ ክር ጠቅመውታል። ከፎቶው ጋር ድምፅም መጥቷል። ሐጂ ከፈተው። የእናትየዋ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ፣ ጥርት ብሎ፣ «እንኪ» አለኝ። ሐጂ ስኳር መስፈሪያውን ጥሎ ሳቀ። «ሴት አደረጉህ እኮ!» እያለ ገበያተኛ ሁሉ እስኪሰማ ሳቀብኝ።

ልጄ በኋላ ደውላ፣ «ትክክለኛውን ልንገራቸው አባባ?» አለችኝ።

«ተያቸው» አልኳት።

ያኛው ጋቢ፣ አዲሱ፣ እዚያ አልጋ ቤት ውስጥ ነው። ባለሆቴሏ እኔ ያደርኩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ዘርግታ ሰቅላዋለች አለችኝ ልጄ፣ ከነቀዘው አግዳሚ ሥር። የሚስቴን እጅ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፣ አይለብሰውም። ይኸን ስትነግረኝ የዝናቡን ነገር ጠየቅኳት።

ሰው «የአማትህን ፎቶ አሳየን እስቲ» ሲለኝ፣ የሐጂን ስልክ ተቀብዬ አሳያለሁ። አውራ ጣቴን ሰማያዊው ክር ላይ አድርጌ ነው የማሳየው። ሐጂ ግን ነገሩን ያውቃል። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ መጥቶ፣ ጣቴን ያነሣዋል።